አንዲት የጠላ እንስራ በውሃ ቀለም

ባሕር ዳር ውስጥ ሥዕል መግዛት ቀላል አይደለም። ሥዕል ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የሐይቁ ዳር ቡና ቤቶችና የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ግድግዳቸው ሙሉ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለ። ጢስ ዓባይ አለ። ብራና ላይ ዓይናቸው የጎላ መላእክት አሉ። አልጠላቸውም። ለእንግዳ ስጦታ ገዝቼም አውቃለሁ። ለራሴ ሳሎን ግን አንዱንም መርጬ አላውቅም ነበር።

አሁን መርጫለሁ። አንዲት እንስራ ናት።

ከጀርባዋ ካለችው ቀጭን ሰማያዊ መስመር በቀር ሥዕሉ ላይ ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰው የለም፣ አበባ የለም፣ ስኒና ረከቦት የለም። ያረጀች፣ ከንፈሯ የተሸረፈ፣ ወደ ግራ ዘመም ያለች የጠላ እንስራ ብቻ። በውሃ ቀለም ነው የተሣለችው። የሣለቻት እዚሁ ባሕር ዳር የምትኖር ወጣት ሴት ናት። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፈውም። ሥዕሎቿን የምትሰቅለው ሐይቁ ዳር አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ቡና አዝዤ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ተሰቅላለች። ቡናው እዚያው ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ ዕቃውን ልንገራችሁ። ወረቀቱ 38 በ28 ሴንቲ ሜትር ነው። ሠዓሊዎች የሚገዙት ትልቁ ሉህ 76 በ56 ስለሆነ ይህ የእሱ ሩብ መሆኑ ነው። ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ነው፤ ፊቱ ሻካራ ነው። ወደዚህ ሻካራነት እመለሳለሁ፤ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ዋጋው ያለ ፍሬም 6,000 ብር ነው። አልተከራከርኩም።

እኔ ሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንስራ ግን አውቃለሁ። እናቴ ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ከቤቱ ልጆች ትንሿ እኔ ስለነበርኩ እንስራ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር፤ በዚያ ጠባብ አንገት የሚገባው የእኔ እጅ ነበራ። የግራዋ ቅጠል ጨብጬ አስገባለሁ። ውስጧን አሻለሁ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቀልቃለሁ። ከዚያ እማዬ የወይራ እንጨት ፍም ላይ ታደርግና እንስራዋን አፏን ደፍታ ታጥናታለች። የጠላው ጠረን ከዚያ ነው የሚመጣው። የግራዋው ምሬት ከጥፍሬ ሥር ቶሎ አይለቅም ነበር። እራት ላይ እንጀራውን ስጎርስ ይመረኛል።

ስለዚህ አንድ ሰው እንስራ ሣልኩ ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ቀለሙን አይደለም። እንስራዋ እውነተኛ መሆኗን ነው።

እውነተኛ ያልሆነች እንስራ ብዙ አይቻለሁ። በሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በካርድ ላይ። ሁለቱ ጎኗ እኩል ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡኒ ናት። ትብለጨለጫለች። እንዲህ ያለች እንስራ በገበያችን የለችም። ልትኖርም አትችልም። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች በሚሽከረከር መንኮራኩር አይሠሩማ። ጭቃው ይቦካል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተሰበረ ገል ተወቅጦ ይገባበታል። ከዚያ በእጅ እየተድቦለቦለ፣ እየተነባበረ፣ እየተዳመጠ ወደ ላይ ያድጋል። ያየኋት ሸክላ ሠሪ ዕቃውን አታዞረውም ነበር፤ ራሷ ጎንበስ ብላ ትዞረዋለች። ጥላ ውስጥ ይደርቃል። በለስላሳ ጠጠር ይወለወላል። በመጨረሻ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ይቃጠላል። በዚህ መንገድ ያለፈ ዕቃ ሁለቱ ጎኑ እኩል ሊሆን አይችልም። የሠሪዋ እጅ ያለው እዚያው ጉድለቱ ላይ ነው።

ይህች ልጅ ይህንን ገብቷታል። የእንስራዋ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ጆሮዎቿ አንድ ቁመት ላይ አይደሉም፤ አንደኛው ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው። ጆሮው ከሆዷ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ ጣት የተጫነበት ጎድጓዳ ምልክት አለ። ይህቺን ምልክት ለማየት አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ላስጠጋ ነበር። አንዲት ጠብታ ጠቆር ያለ ቀለም ናት፤ በአንድ በኩል ጠርዟ ደርቋል፣ በሌላ በኩል በውሃ ተለቃ ወደ ሆዷ ጠፍታለች። ይኸው ነው። አውራ ጣት ታየኝ።

ጠርዝ ማድረቅና ጠርዝ ማላላት የውሃ ቀለም ዋና ጥበብ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ወረቀቱ ደረቅ ሲሆን ቀለሙ በተቀባበት ቆርጦ ይቆማል። እርጥብ ሲሆን ይሸሻል፣ ይቀላቀላል። በዘይት ቀለም የተበላሸውን ፍቆ ወይም በላዩ ደርቦ ማረም ይቻላል። በውሃ ቀለም ግን የሥሩ ቀለም ሁልጊዜ ይታያል። ነጭ ቀለምም አትጠቀምም። በእንስራዋ ትከሻ ላይ ያለው ብርሃን ያልተቀባ ወረቀት ነው። ከመጀመሪያው አስባ ትታው ነው። አንዴ ከተቀባ የወረቀቱ ንጣት እንደነበረ አይመለስም።

በዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ያየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ ቀለሙ ድፍን ነው፣ ደማቅ ነው፣ ቅዱሳኑ መሬት ላይ ጥላ አይጥሉም። ታላቅነቱም እዚያው ላይ ነው፤ የቆሙት በዚህ ዓለም ፀሐይ አይደለምና። ይህቺ እንስራ ግን የቆመችው በጠዋት ፀሐይ ነው። ብርሃኑ ከሥር፣ ከወረቀቱ፣ በስሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ይመጣል። ሁለቱን አላወዳድርም። በሥዕል ያደገ ዓይናችን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያኑን አሣሣል ስለሚያውቅ፣ ለዚህኛው ትንሽ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል ለማለት ነው።

እማዬ ግን ጊዜ አላስፈለጋትም። ሥዕሉ ቤት እንደገባ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። ስለ ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ አስቀያሚ ነው አላለችም። በቀጥታ ስለ እንስራዋ ጀመረች።

«ይቺ የውሃ አይደለችም። የጠላ ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ እማዬ?»

«አንገቷን እይው እንጂ። አፏ የተመረገበት ነው፣ ጭቃው ቀለበት ሠርቶባታል። የውሃ ብትሆን ጆሮዋን ገመድ ይበላው ነበር። አልተበላም።»

እውነቷን ነው። አንገቷ ዙሪያ ግራጫ የሆነ ቀጭን መስመር አለ። ሳየው የጥላ መስመር መስሎኝ ነበር ያለፍኩት። እማዬ ጣቷን ወደ ታች አወረደችና ከሆዷ በስተቀኝ ያለውን ጥቁር እድፍ ነካች። «እዚህ ጋ ኩበቱ ተለጥፎባት ነው የነደደው» አለች። ዝም ብላ ቆየችና «የሠራቻት ሴት ግራኝ ናት መሰለኝ» አለች። ይህኛውን በምን እንዳወቀች ጠየቅኋት። ሆዷ ላይ ጠጠሩ የተወለወለበትን መስመር አሳየችኝ። ሠዓሊዋ ደረቅ ባለ ብሩሽ ገረፍ ገረፍ አድርጋ ያሰመረችው ነው። የቀኝ እጅ ሰው ሲወለውል መስመሩ ወዲህ ይጋደማል፤ ይህ ወዲያ ነው የተጋደመው።

ለሠዓሊዋ ይህንን ስነግራት ደነገጠች። እሷ ልብ አላለችውም ነበር። ያየችውን መስመር እንዳየችው አስቀመጠች፣ በቃ። እንስራዋን ወደ ሠራችው ሴት መንደር እንደገና በሄደች ጊዜ አስተውላ አየች፤ ሴትየዋ ጠጠሩን የምትይዘው በግራ እጇ ነው። ደውላ ነገረችኝ። ስለ ታማኝነቷ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላመጣም። ሠዓሊዋ ራሷ የማታውቀውን ነገር እንኳ ሥዕሉ ትክክል አድርጎ ይዞታል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። የእንስራዋ ቀይ ቡኒ በርንት ሲየና በሚባል ቀለም ነው የተሣለው። ይህ ቀለም በመሠረቱ አፈር ነው። ብረት ያለበት ቢጫ አፈር ይቆፈራል። እሳት ላይ ይጠበሳል። በውስጡ የታሠረው ውሃ ሲወጣ ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ዛሬ በፋብሪካ በሚሠራውም ቢሆን የሚያቀላው ያው የብረት ኦክሳይድ ነው። አሁን ሸክላ ሠሪዋን አስቧት። ብረት ያለበት አፈር ቆፈረች፣ አቦካች፣ በእሳት አቃጠለች፣ ቀላላት። እንስራዋን ያቀላውና ወረቀቱን ያቀላው አንድ ነገር ነው ማለት ነው። ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀውም የግራር ሙጫ ነው። ይህንን ስሰማ ሥዕሉ ሌላ ሆነብኝ። የእንስራ ምስል ብቻ ሳይሆን በእንስራዋ ዘመድ አፈር የተሠራ ሥራ ነው።

ጥቁሩ እድፍም እንዲሁ ከቱቦ የወጣ ጥቁር አይደለም። ያንኑ በርንት ሲየና አልትራማሪን ከሚባለው ሰማያዊ ጋር ቀላቅላ ያወጣችው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጠልቆ የገባ፣ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ። እድፉ መሐሉ ላይ ድቅድቅ ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ በአንድ በኩል ወደ ቀይ፣ በሌላው ወደ ግራጫ ይፈታል። በእሳት ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አየር ያገኘው ጎን ይቀላል፣ ኩበትና ጭስ አፍነው አየር ያሳጡት ይጠቁራል፣ በመሐላቸው ያለው ግራ ይጋባል። ያንን ግራ መጋባት በብሩሽ ማምጣት ቀላል አይመስለኝም።

ሻካራው ወረቀት ሥራውን የሠራው እዚህ ላይ ነው። አልትራማሪን ውሃው ሲደርቅ ደቃቅ ፍሬዎቹ በወረቀቱ ጉድጓዶች ውስጥ ይዘቅጣሉ። ከቅርብ ሲያዩት አሸዋ አሸዋ ይላል። እጄ ያንን ያውቀዋል። ያልተወለወለው የእንስራ ታችኛው ሆድ ሲዳሰስ እንዲያ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ተወለወለው ትከሻ ሲመጣ አሸዋው ይጠፋል፣ ቀለሙ ይለሰልሳል። እዚያ አልትራማሪን እንዳላስገባች ነገረችኝ። አንድም የሚታይ ጌጥ ሳይጨመር፣ ሻካራውና ለስላሳው በዓይን ይዳሰሳል። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ይህ በስልክ ፎቶ አይታይም። በቴሌግራም የላከችልኝ ፎቶ ላይ እንስራዋ ድፍን ቡኒ ናት። በአካል ሳያዩ እንዳይወስኑ።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ያቺን ከጀርባ ያለች ሰማያዊ መስመር አልወደድኳትም። ጣና ናት። ጥግ ላይ ሁለት ሦስት የደንገል ቅጠልም አለ። እንስራዋ ምንም ሐይቅ አያስፈልጋትም። ጠላ ቤት ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ጠጠር ተደግፋ የኖረች ዕቃ ናት። ሐይቅ ዳር ምን አመጣት? ለሠዓሊዋ በግልጽ ነገርኳት።

«እታለም፣ ሐይቅ ከሌለበት ሰው አይገዛኝም» አለችኝ። «እንግዶቹ ከባሕር ዳር መምጣቱን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋሉ።»

ገባኝ። የቤት ኪራይ አለባት፣ ወረቀቱም ርካሽ አይደለም። ግን አሁንም አልስማማም። ባሕር ዳርን የምታሳየው እንስራዋ ራሷ ናት። በቅዳሜ ገበያ ጭድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡትን ሸክላዎች ያየ ሰው፣ ያለ ሐይቁም ከየት እንደመጣች ያውቃል። እንግዳውም ቢሆን ቤቱ ወስዶ ሲሰቅላት ከመስመሩ ይልቅ ስለ እንስራዋ ይጠይቃል። ደግነቱ መስመሯ ስስ ናት። ዕድሜ ለሠዓሊዋ ቁጥብነት፣ ዓይን አትስብም።

የመሬቱ ጥላም ትንሽ ሰማያዊነት በዝቶበታል። ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ ነው። ጠጠሯን በጣም ወድጃታለሁ። እንስራ ታችዋ ክብ ስለሆነ ያለ ድጋፍ አትቆምም። ሠዓሊዋ ከሆዷ ሥር አንዲት ግራጫ ጠጠር አስገብታለች። እማዬ ስታያት «ጋን በጠጠር ይደገፋል» አለች፤ በልጅነታችን ትልቁ ትንሹን ሲንቅ የምትለን ነው።

የሥራ ባልደረባዬ «ለእንስራ 6,000 ብር?» ብሎኛል። እውነተኛዋ በጥቂት መቶ ብር ትገኝ የለም ወይ ነው ነገሩ። ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ በትክክል ልመልስ። ተራ ዕቃን በጥሞና ማየት ከጥንት ጀምሮ የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ነው። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዲዩረር እ.ኤ.አ. በ1503 በውሃ ቀለም የሣለው አንድ ጉብታ ሣር ነው፤ ዛሬ ቪየና ውስጥ ይገኛል። ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ (እ.ኤ.አ. 1890–1964) ዕድሜውን አብዛኛውን ጠርሙስ፣ ማሰሮና ቆርቆሮ ሲሥል ኖሯል። ሁለቱም ሌላ መሣል አቅቷቸው አይደለም።

ግን ለእኔ ዋናው መልስ እሱ አይደለም። ዋናው መልስ ከሥዕሉ ጀርባ ነው ያለው።

ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ሁለት ስም ተጽፏል። አንዱ የሠዓሊዋ፣ ሌላው እንስራዋን የሠራችው ሴት ስም ነው። ከነመንደሯ። ይህንን ሳይ የምናገረው ጠፋኝ። በእኛ አገር ሸክላ የምትሠራ ሴት እንዴት እንደኖረች የማያውቅ የለም። ጠይብ ትባላለች። ቡዳ ትባላለች። ልጅ ሆነን ሸክላ ሠሪ ስታልፍ የሚበላ ነገር በነጠላ እንድንሸፍን ይነገረን ነበር። ጠላውን በእንስራዋ እየጠጣን፣ ወጡን በድስቷ እየሠራን፣ እንጀራውን በምጣዷ እየጋገርን፣ እሷን ግን ከማዕዳችን አናቀርብም ነበር። ጋብቻማ አይታሰብም። ዛሬም በየቦታው ጨርሶ አልጠፋም። በየቤቱ ስንት እንስራ ነበር፣ አንዷም ላይ የሠሪዋ ስም አልነበረም።

ሠዓሊዋ ይህቺን እንስራ ያገኘቻት ራሷ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው። ሴትየዋ ድሮ ለራሷ ሠርታ የተጠቀመችባት ናት። ሠዓሊዋ አብራት ተቀምጣ፣ ጭቃውን ነክታ፣ ማቃጠያው ሜዳ ድረስ ተከትላ ነው ብሩሽ ያነሳችው። ሥዕሉ ሲሸጥ ለሴትየዋም ድርሻ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የሁለቱ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ይህንን ካወቅሁ በኋላ 6,000 ብሩ ውድ ነው ብዬ አላስብም። ባልደረባዬም ጀርባውን ሳሳየው ሌላ ነገር አልተናገረም። ስሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

እና ሥዕሉ ላይ ያለው አክብሮት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዘመም ያለውን አላቀናችም። የተሸረፈውን ከንፈር አልደፈነችም። እድፉን አላጠበችም። ድህነትን ለማሳዘኛም አላደረገችው፤ እንስራዋ አታሳዝንም። ሆዷ ሰፊ ነው፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ሥራዋን ሠርታ የቆመች ዕቃ ናት። ብዙ ሰው ተራ ነገር ሲሥል ወይ ያሳምረዋል ወይ ያሳዝነዋል። ሁለቱንም አለማድረግ ነው ከባዱ።

ስለ ፍሬም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከተማው ውስጥ የወሰድኩበት ቤት ስሙን አልጠራም፤ መስታወቱን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ ከጀርባ ተራ ካርቶን ለጥፎ ሰጠኝ። ይህ ለውሃ ቀለም አይሆንም። በክረምት ባሕር ዳር እርጥበቱ ምን ያህል እንደሆነ የዚህ ከተማ ሰው ያውቃል፤ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። መስታወት ላይ የሚቋጠረው ጤዛ ወረቀቱን ካገኘው ይጣበቃል፣ ይሻግታል። ተራ ካርቶንም አሲድ ስላለው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያወይበዋል። ስለዚህ አስፈትቼ ሌላ ቦታ በድጋሚ አሠራሁት። በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ክፍተት የሚሰጥ ወፍራም ክፈፍ ገባበት። ጀርባው ላይ አሲድ የሌለው ካርቶን ሆነ። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ እንዲልና አየር እንዲያልፍ ከታች ሁለት ትንንሽ ቡሽ ተለጠፈበት። ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከጀርባ ያለው ጽሑፍ እንዳይሸፈን ወይም በሙጫ እንዳይበላሽም አደራ። እኔ የሁለቱን ስም ገልብጬ ፍሬሙ ላይ ከኋላ አስለጥፌአለሁ።

የሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። በርንት ሲየናና አልትራማሪን በብርሃን ቶሎ ከሚደበዝዙት ቀለሞች አይደሉም፤ በዚህ በኩል ሥዕሉ የሚያሰጋ አይደለም። ቢሆንም የጣና አካባቢ ፀሐይ ጠንካራ ነው፣ ወረቀቱንም ይጎዳል። መታጠቢያ ቤት ካለበት ግድግዳም አርቁት። የእኔ ሳሎን ውስጥ ከበሩ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ነው ያለው። ቁጭ ሲሉ ከዓይን ጋር እኩል ነው። ከፍ አድርጎ መስቀል ለዚህ ሥዕል አይሆንም፤ ቀረብ ብሎ መታየት አለበት።

ሰፊ ግድግዳ ለመሙላት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሥዕል አይሆንም፤ ይጠፋል። ደማቅ ነገር ለሚወድም አልመክርም፤ ከሩቅ ሲያዩት ጸጥ ያለ ቡኒ ነው። አጠገቡ ሌላ ሥዕል ባይሰቀል ይመረጣል። እኔ የነበረውን ትልቅ ሰዓት አንስቼለታለሁ።

የውሃ ቀለም ኮፒ የለውም፤ የእኔዋ አንድ ናት። ሠዓሊዋ ግን በሸክላ ሥራ ላይ ቀጥላለች። ባለፈው ስሄድ አንድ ጀበና ከነማቶቱ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ወጥ ያረገዘ ድስት ተሰቅለው ነበር። ምጣዱ አልሆነላትም፤ ጠፍጣፋ ነገር ለውሃ ቀለም ከባድ ነው መሰለኝ፣ ጥላው ሰምጦበታል። ድስቱ ግን ከእንስራዋ አይተናነስም። ጥላሸቱን ያየ ሰው ስንት ዓመት እሳት ላይ እንደተጣደ ይገምታል። ዋጋው ከእኔዋ ዝቅ ይላል፣ ወረቀቱ አነስ ያለ ነው።

ለእማዬ ደግሞ የጋን ሥዕል አዝዤላታለሁ። ቀብድ 2,000 ብር ከፍያለሁ፣ ቀሪው ሲያልቅ ነው። ሐይቅ እንዳይኖርበት ተስማምተናል። እማዬ «ጠጠሩን እንዳትረሳው በያት» ብላለች፣ ነግሬያታለሁ። ሄዳችሁ ማየት የምትፈልጉ ከረፋዱ በፊት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቡና ቤቱ መስኮት ገብታ መስታወቶቹ ላይ ስለምታንጸባርቅ ምንም አይታይም። ሠዓሊዋ ካለች ወረቀቱን አዙራ ጀርባውን እንድታሳያችሁ ጠይቋት፤ ደስ ብሏት ታሳያለች።